‹‹ተጫወተው›› ነው የሚለው

(ደሴ ውስጥ አንድ የሰፈር እድር ባዘጋጀው የወላጆች ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ ሲሆን ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። አሰላሙ ዐለይኩም።

ከሁሉ በፊት ወንበር ያላገኛችሁትን ይቅርታ ልጠይቅ። ግማሹ ወንበር ለቅሶ ቤት ወጥቷል አሉኝ። የእድር ነገር እንዲህ ነው፤ ከለቅሶ በተረፈ ወንበር ላይ ነው የምንሰበሰበው። ብርዱንም እያያችሁት ነው። ጦሳ ላይ ጉም ከተኛ ደሴ ውስጥ ጋቢ ያልደረበ ሰው ብዙ አይቀመጥም፤ ስለዚህ አላስረዝምም።

የእድራችን ሊቀመንበር ‹‹አባቶች ልጆቻቸውን እምነት በማስተማር ያላቸው ድርሻ›› የሚል ርዕስ ይዘው ቤቴ ሲመጡ፣ ‹‹ለምን ቄስ ወይ ሸኽ አትጠሩም?›› አልኳቸው። ‹‹እነሱማ ሁልጊዜ ይነግሩናል። አንተ አስተማሪ ነህ፤ ልጅም አሳድገሃል›› አሉኝ። አስተማሪነቱን እቀበላለሁ። 37 ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ፤ ከፊሉን ኮምቦልቻ፣ የቀረውን እዚሁ ደሴ። ‹‹አሳድገሃል›› የሚለው ላይ ግን የምናገረው አለኝ፤ እመለስበታለሁ።

በሃይማኖት በኩል እኔ ጨዋ ነኝ። ይቺን ቃል ልብ በሉልኝ። በሰፈራችን ቋንቋ ጨዋ ማለት ሥርዓት ያለው፣ አፉን የሚጠብቅ፣ የሰው ልጅ ነው። ቤተ ክህነት ግቢ ውስጥ ግን ‹‹እሱ ጨዋ ነው›› ከተባለ ቀለም ያልቆጠረ፣ ዜማውም ቅኔውም ያልገባው ማለት ነው። እኔ በሁለተኛው ነኝ፤ በመጀመሪያውም እንድትቆጥሩኝ እለምናለሁ። (ሳቅ) እዚህ ከተቀመጥነው አባቶች አብዛኞቻችን በዚህ ትርጉም ጨዋ ነን። ልጆቻችን ስለ እግዚአብሔር ሲጠይቁን የምናመልጠውም በዚህችው ቃል ነው። ‹‹እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ እኔ ጨዋ ነኝ፤ ሄደህ የኔታን ጠይቅ።›› ሙስሊሙ ጎረቤቴም ‹‹እኔ አልቀራሁም፤ ኡስታዙን ጠይቅ›› ይላል። እንደ ትሕትና እናየዋለን፤ እኔ ግን ሸሽተን የምንደበቅበት ጓዳ ሆኖ ነው የሚታየኝ።

አማርኛ አስተማሪ ስለሆንኩ ከቃል ልጀምር። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 ላይ ሙሴ ለሕዝቡ ትእዛዙን ከነገራቸው በኋላ፣ አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ይላል፦ ‹‹ለልጆችህም አስተምረው፥ በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው።›› ‹‹ተጫወተው›› ነው የሚለው። ተርጓሚዎቹ ‹‹ንገረው›› ወይም ‹‹ተናገረው›› ማለት ይችሉ ነበር፤ ከማንም የተሰወረ ቃል አይደለም። እነሱ ግን የመረጡት ሰው ቡና ላይ፣ መንገድ ላይ፣ ሲመሽ እሳት ዳር የሚያደርገውን ነገር ነው። በአማርኛ ጨዋታ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ብቻውን የሚናገር ሰው ይሰብካል፣ ይቆጣል፣ ይለፈልፋል፤ ይጫወታል ግን አይባልም። ለመጫወት የሚመልስልህ ያስፈልግሃል። ልጁም የሚመልሰው መናገር የተፈቀደለት ከሆነ ነው።

ቦታዎቹንም ተመልከቱ፤ ቤት፣ መንገድ፣ መኝታ፣ ከእንቅልፍ መነሳት። ቤተ መቅደሱ እዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የለም። ካህንም የለም። የሚያስፈልገው አባትና ልጅ አብረው ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ መሄዳቸው ብቻ ነው።

አሁን ስለ አባቴ ልንገራችሁ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ በምትገኝ፣ በሯ ሲከፈት ግማሽዋ ውጭ በሚሆን ጠባብ ቤት። ማንበብ አይችልም። ሸሚዝ ሲለካ ቁጥሩን የሚጽፍለት አጥቶ ክር ላይ ቋጠሮ ያስር ነበር፤ ለትከሻ አንድ፣ ለእጅጌ ሁለት። እኔ ፊደሉን፣ መልእክተ ዮሐንስን፣ ውዳሴ ማርያምን አልፌ ዳዊት ላይ ስደርስ፣ ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ማሽኑ አጠገብ አስቀምጦ የዕለቱን ያስደግመኝ ጀመር። መቼም ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት የተከፋፈለ ነው፤ ሰኞ የሰኞን፣ ማክሰኞ የማክሰኞን። ግዕዙ ለኔም አይገባኝ፣ ለሱም አይገባው።

እኔ ሳነብ እሱ ይሰፋል። እግሩ ፔዳሉ ላይ ነው፤ ማሽኑ ጠ-ጠ-ጠ-ጠ ይላል። እኔ ደግሞ ልጅ ነኝ፤ ኳስ እየጠበቀኝ ነው። አንድ ቀን መስመር ዘለልኩ። ማሽኑ ቆመ። ቀና ብሎ አላየኝም፣ አልተናገረኝም፤ እግሩን አነሳና ዝም አለ። ወደ ኋላ ተመልሼ የዘለልኩትን አነበብኩ። ማሽኑ ቀጠለ። ሌላ ቀን አውቄ ሁለት መስመር ዘለልኩ፤ ማሽኑ ቆመ። ማንበብ የማይችል ሰው እንዴት እንዳወቀ ለዓመታት ምሥጢር ሆኖብኝ ኖሯል። አንድ ቀን ጠየቅሁት። ‹‹አባቴ ሲደግም ስሰማ ነው ያደግሁት፤ ጆሮዬ ያውቀዋል›› አለኝ። አባቱም ቄስ አልነበሩም፤ ኩታበር በኩል ገበሬ ነበሩ።

እንግዲህ ከዚያ ሁሉ ዓመት ምን ቀረልኝ? የሰኞውን ዳዊት ዛሬ ያለ መጽሐፍ ልድገምላችሁ ብል ከሦስተኛው መዝሙር አላልፍም። ያቺ የፔዳል ዝምታ ግን እስከ ዛሬ አለች። አባቴ ያን ቃል ከሸሚዝ ሥራ እንደሚያስበልጥ የነገረኝ በእግሩ ነው። ያም ሆኖ፣ እውነቱን ካወራን፣ አባቴም አልተጫወተኝም። አሰማኝ፣ አዳመጠኝ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ‹‹ምን ማለት ነው?›› ብዬ ስጠይቀው ግን እሱም ወደ የኔታ ነበር የሚልከኝ። ልማዱን ከዚያ ነው የወረስኩት።

አብሮኝ ኮምቦልቻ ያስተማረ የሒሳብ መምህር አለ፤ እዚህ ቢኖር ያፍርብኝ ነበርና ስሙን አልጠራም። ሙስሊም ነው፤ ልጅነቱን በቁርኣን ቤት ያሳለፈ፣ ሉሕ፣ ማለትም የእንጨት ሰሌዳ፣ ይዞ በጥላሸት ቀለም የጻፈ። ይህን የ‹‹ተጫወተው›› ነገር ባወራሁለት ቀን፣ ‹‹የኛን ስማ እንግዲህ›› አለና ሱረቱ ሉቅማንን አነበበልኝ። 31ኛው ምዕራፍ ነው። ሉቅማን ልጁን ይመክራል፤ ሦስት ጊዜ ‹‹ያ ቡነየ›› እያለ ይጠራዋል። በአማርኛ ‹‹ልጄ ሆይ›› ተብሎ ይተረጎማል። መምህሩ ግን ‹‹አልደረሰበትም›› አለኝ። ዐረብኛው ላይ ቃሉ የማቆላመጫ ነው፤ ትንሹ ልጄ፣ ልጅዬ፣ እናቶች እዚህ ሰፈር ‹‹የኔ ዓለም›› እንደሚሉት ዓይነት። ሉቅማን ከባዱን ነገር፣ በአላህ አታጋራ የሚለውን፣ የጀመረው በማቆላመጥ ነው።

ምክሩን ሲጨርስ ደግሞ ምን አለ? ድምፅህን ዝቅ አድርግ፤ ከድምፆች ሁሉ አስቀያሚው የአህያ ድምፅ ነው። (ሳቅ) መምህሩ ሳቀና ‹‹ይህን ምክር እየጮኸ ሊያስተምር የሚሞክር አባት አስብ እስቲ›› አለኝ። አሰብኩ። ብዙ አባት አሰብኩ። ራሴንም አሰብኩ።

ሒሳብም አስላልኝ፤ ልማዱ ነው። ልጆቻችሁን ሰባት ዓመት ሲሞላቸው በሰላት እዘዙ የሚል ሐዲስ አለ፤ አሥር ሲሞላቸውም ስለመቅጣት ያነሳል። ‹‹አባቶች አሥሩን ያስታውሱና ሰባቱን ይረሳሉ›› አለኝ። ‹‹በሰባትና በአሥር መካከል ሦስት ዓመት አለ። በቀን አምስት ወቅት አባዛው፤ ከ5 ሺህ ጊዜ በላይ ነው። አባት ልጁን ከ5 ሺህ ጊዜ በላይ ‹ና አብረን እንስገድ› ሳይል ስለ አሥሩ የማውራት መብት የለውም።›› ፍርዱ የሱ ነው፤ እኔ ቁጥሩን ነው የያዝኩት። በኛም በኩል ለኤፌሶን ሰዎች የተጻፈው መልእክት አባቶችን ‹‹አታስቆጡአቸው›› ነው የሚለው። በ37 ዓመት ውስጥ አርብ ጾም ገደፈች ተብላ የተመታች ልጅ፣ ፈጅር አልተነሳም ተብሎ የተገረፈ ልጅ፣ ክፍል ውስጥ ጀርባቸውን ወንበር ላይ ማስደገፍ አቅቷቸው አይቻለሁ። አንዷን ‹‹ምን ሆነሽ ነው?›› ብላት ‹‹እግዚአብሔር ነው›› አለችኝ። አባቷ መሆኑን ለማወቅ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

ወሎ ውስጥ ሆነን ስለዚህ ጉዳይ ስንነጋገር ቦሩ ሜዳን መዝለል አይቻልም። ከዚህ ቅርብ ነው፤ ስንቶቻችን እናልፍበታለን። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. እዚያ ጉባኤ ጠርተው ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ካከራከሩ በኋላ፣ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ መታዘዙን ታውቃላችሁ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና አባታቸው ራሳቸው አፄ ዮሐንስ ነበሩ። በኋላ ንጉሥ ሚካኤል ሆነው አይጠየፍን፣ እዚሁ ደሴ ያለውን የግብር አዳራሽ፣ የሠሩልን እሳቸው ናቸው። ሌላው ሕዝብስ? ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም ሆኖ የኖረ ብዙ እንደነበር ተጽፏል።

ይህን የማነሳው ቁስል ለመነካካት አይደለም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የዚያ ዘመን ልጆች ያልሆንን የለንም፤ በዚህም በዚያም ወገን። የናቴ አባት ሙስሊም ነበሩ። እኔ የምጠይቀው የአስተማሪ ጥያቄ ነው፦ ደጅ ላይ መስገድ በማይቻልበት ቤት ልጅ ሶላትን ከማን ተማረ? መስጊድ የለ፣ የተከፈተ ቁርኣን ቤት የለ። በር ተዘግቶ፣ ኩራዝ ተሸፍኖ፣ ከአባትና ከናት ነዋ! ደግሞ በሹክሹክታ ነው የሚሆነው፤ በጩኸት አይሆንማ። ያ እምነት ከዚያ ዘመን ተርፎ፣ የወሎ የእስልምና ትምህርት ስፍራዎች እነ ዳናና እነ ጀማ ንጉሥ ዛሬም መንዙማ ይሰማባቸዋል። በክርስቲያኑም በኩል፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ገድል የምታውቁ፣ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ወደ አባ ኢየሱስ ሞዓ ከመምጣታቸው ከብዙ ዓመት በፊት የመጀመሪያ መምህራቸው ማን እንደነበረ ታስታውሳላችሁ፤ አባታቸው ጸጋ ዘአብ። እሳቸውማ ካህን ነበሩ ትሉኝ ይሆናል፤ እሺ፣ እቀበላለሁ።

ሰንሰለቱ የላላው ታዲያ የት ነው? እኔ የማውቀው የራሴን ትውልድ ነው። አብዮቱ ሲመጣ ጎረምሳ ነበርን። በትምህርት ቤት፣ በውይይት ክበብ፣ ሃይማኖት ያለፈ ሥርዓት ትርፍራፊ ነው ሲባል ሰማን። አንዳንዶቻችን አመንን፣ አንዳንዶቻችን ፈራን። እኔ ፈሪው ነኝ። አስተማሪ ሆኜ ስቀጠር ማተቤን ከአንገቴ አውልቄ ኪሴ ውስጥ ከቁልፍ ጋር አደረግሁት። ማንም አውልቅ አላለኝም። ቤት ስገባ አስረዋለሁ፣ ስወጣ እፈታዋለሁ። ታዲያ ሰው የኪስ እምነት ሲለምድ፣ ዘመኑ ተለውጦ አንገቱ ላይ ካሰረው በኋላም አፉ አይፈታም። የኛ ትውልድ አባቶች ቤተ ክርስቲያን ተሳለምን፣ ጁምዓ ሰገድን፣ አሥራት አወጣን፣ ዘካ ሰጠን፤ ከልጆቻችን ጋር ግን ስለዚህ ነገር ማውራት ዕርቃን የመሆን ያህል ያሳፍረን ነበር። አሁንም ያሳፍረናል። እስቲ እጃችሁን ሳታወጡ በልባችሁ መልሱልኝ፦ ለምን እንደምትጸልይ፣ ስትጸልይ ምን እንደምትል ለልጅህ ነግረኸው ታውቃለህ?

አሁን ወደ ‹‹አሳድገሃል›› ልመለስ።

1990 ዓ.ም. ነው። ኮምቦልቻ ነበር የማስተምረው፤ ቤታችን ደሴ ነው። ክረምት ላይ የመጀመሪያ ልጄን፣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ለአንድ ጉዳይ ይዤው ወርጄ ማታ በአውቶቡስ እየተመለስን ነው። ሐረጎን መውጣት ስንጀምር ጉሙ ዋጠን። ሾፌሩ ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ ነው የሚነዳው። መኪናው ውስጥ የሚያወራ ሰው የለም፤ አንዳንዱ ያማትባል፣ አንዳንዱ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ልጄ መስኮቱ ላይ በጣቱ እየሣለ ነበር። ድንገት ‹‹አባዬ፣ ጀነትና ገነት አንድ ቦታ ነው?›› አለኝ።

ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ሲነጋገሩ የመጣ ጥያቄ ነበር። አብረው ነው ያደጉት፤ የነሱ ቤት ዒድ የኛ፣ የኛ ቤት ፋሲካ የነሱ፤ ሥጋው ብቻ ለየብቻ። ያ ልጅ ‹‹እኛ ጀነት ነው የምንገባው›› ብሎታል፤ የኔው ደግሞ ‹‹እኛ ገነት››። ታዲያ ተለያይተው ሊቀሩ ነው ወይስ እዚያም ጎረቤት ናቸው? ልጁን ያስጨነቀው ይህ ነው።

እኔ ምን አልኩ? ‹‹ዝም ብለህ ተቀመጥ። እሁድ ሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንህን ጠይቅ።›› አጠገባችን የተቀመጡ ሰዎች ሰሙን ብዬ አፍሬ ነው። በየትኛው መልስ ማንን አስቀይም ይሆን ብዬም ፈርቼ ነው።

አሁን አስቡት፤ እኔ የቋንቋ አስተማሪ ነኝ። ገነት ግዕዝ ነው፣ የአትክልት ቦታ ማለት ነው። ጀነት ዐረብኛው ነው፣ እሱም የአትክልት ቦታ። ዕብራይስጡም ጋን ይላል፤ የኤደን ገነት የሚባለው እሱ ነው። ሦስቱም ዘመዳሞች ናቸው። ይህን ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬአለሁ። ለገዛ ልጄ፣ በጉም ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ‹‹ቃሉስ አንድ ነው ልጄ፤ ቦታው ግን…›› ብዬ መጀመር አቃተኝ። በመንገድም ስትሄድ ይላል። መንገድ ላይ ነበርን።

ልጄ እሁድ መምህሩን አልጠየቀም። ማንንም አልጠየቀም። አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ካሴት መስማት ጀመረ። ያን ጊዜ በሁሉም ወገን የክርክር ካሴት የሚዞርበት ዘመን ነበር፤ አንዱ የሌላውን የሚያንቋሽሽበት። ድምፁን ከፍ አድርጎ ይከፍተው ነበር፤ ግድግዳችን ደግሞ ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው። ከዚያ ልጅ ጋር መነጋገር ያቆሙት በዚያ ዓመት ነው። ‹‹ምን ሆናችሁ?›› ስለው፣ ‹‹አንድ ቦታ አይደለም›› አለኝ። ጥያቄውን እኔ ረስቼዋለሁ። እሱ ሰባት ዓመት ሙሉ ይዞት ኖሯል፤ መልሱን የሰጠው የማናውቀው ሰው ነው።

ሁለቱ በኋላ ታርቀዋል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ከተማችን በጦርነት ስትያዝ፣ ከዚያ እስከ ኅዳር መጨረሻ በነበሩት ሳምንታት፣ ዱቄት ያጋሩንና የኔን የደም ግፊት መድኃኒት ከየትም ፈልገው ያመጡልን እነዚያው ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ልጄ አዲስ አበባ ሆኖ ስልክ ጠፍቶበት ሲጨነቅ ከርሞ፣ መስመር እንደተከፈተ መጀመሪያ የደወለው ለዚያ ጓደኛው ነው። ይህን የምነግራችሁ ታሪኩ እንዳይጎድል ነው እንጂ የኔን ጥፋት አያርምልኝም።

‹‹ዛሬ ቢሆን ምን ትለው ነበር?›› ያለኝ ሰው አለ። ብዙ አስቤበታለሁ። ስለ ቃሉ እነግረዋለሁ። ቤተ ክርስቲያኔ ስለ መዳን የምታስተምረውንም እነግረዋለሁ፤ አልሸፍንም፤ ጎረቤቴም ለልጁ የራሱን አይሸፍን። ከዚያ ግን ‹‹የናቴ አባት፣ ያንተ ቅድመ አያት፣ ሙስሊም ነበሩ። ከባቲ ገበያ ሲመለሱ ኪሳቸው ተምር አይጠፋም። እኔም እዚያ ስደርስ በዓይኔ እፈልጋቸዋለሁ። ማን የት እንደሚገባ የሚያውቅ እሱ ነው፤ እኔ አላውቅም›› እለው ነበር። ‹‹አላውቅም›› ማለት እምነት የሚያጎድል መስሎኝ ነበር። ልጅ ግን የሚጠይቀው ሊቅ ፈልጎ አይመስለኝም፤ ሊቅ ቢፈልግ የት እንዳለ ያውቃል።

እናቶች ይህን ሲሰሙ ‹‹ሁሉን የምናስተምረው እኛ፣ ንግግሩ ስለ አባት›› ብለው ሊታዘቡን ይችላሉ፤ እውነት አላቸው። የቡናውን ነገር ብቻ እዩ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሦስተኛው ስሙ ራሱ ምርቃት ነው። በወሎ ቤት ልጅ አሜን ማለትን የሚማረው በረካ ላይ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። ዱበርቲዎቹ፣ መራቂ እናቶቹ፣ ሲመርቁ እጁን ዘርግቶ፣ ፈንዲሻ አፉ ውስጥ እንደያዘ አሜን ይላል። አባት በዚያ ሰዓት የት ነው? ሻይ ቤት ነው፤ ወይም ጫት ላይ። በዱዓ የሚያዝ ጫት እንዳለ አውቃለሁ፤ ወሎዬ ነኝ። እኔ የምለው ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ምሽት ስለ እንግሊዝ ኳስ የሚወራበትን ነው። አቦሉ ይለፋችሁ፣ ቶናውም ይለፋችሁ፤ ለበረካ ድረሱ።

ከቤት የራቀ አባትም አለ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ላይ ፈረቃ የሚሠራ፣ የሌሊቱ ተራ የደረሰው ሰው ልጁ ሲነሳ እሱ ይተኛል። የጅቡቲ መስመር ሾፌር ወር ይቆያል። ሚስቱ ዐረብ አገር ሄዳ እናትም አባትም ሆኖ የቀረ አባት እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ፤ አውቀዋለሁ፣ እንጀራውን ራሱ ነው የሚጋግረው። እነዚህን በሰዓት አልወቅሳቸውም። አንድ ሾፌር ጎረቤት አለኝ፤ ባለፈበት ከተማ ሁሉ ማታ ይደውልና ሴት ልጁን ‹‹ዛሬ ምን ጸለይሽ?›› ይላታል። ትነግረዋለች። ‹‹እኔ ደግሞ ፍሬኑን ጸለይኩ›› ይላታል። ትስቃለች። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ያቺ ልጅ አንድ ቀን ለኔ፣ ‹‹አባቴ እኮ ሚሌ ሲደርስ ይፈራል›› አለችኝ። አባቷ እንደሚፈራና ሲፈራ ወዴት እንደሚል ታውቃለች። እኔ በዚያ ዕድሜዬ አባቴ የሚፈራው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

የእድሩ ጸሐፊ ሰዓታቸውን እያሳዩኝ ነው። አንድ ነገር ልጨምርና ልውረድ፤ ከናንተ እርዳታ የምፈልግበት ነው።

የዚያው ልጄ ልጅ፣ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ለዕረፍት እኛ ጋር መጥታለች። አዲስ አበባ ያሉበት ሰፈር ፎቅ ላይ ስለሆነ ሌሊት ብዙ አይሰማትም። እዚህ ግን ታውቁታላችሁ፤ ንጋት ላይ በአንድ በኩል አዛኑ፣ በሌላው ቅዳሴው፣ ሁለቱም በድምፅ ማጉያ። ሰኞ ዕለት ከእንቅልፏ ተነስታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ ‹‹አባባ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ሲጠሩት እግዚአብሔር መጀመሪያ የቱን ነው አቤት የሚለው?›› አለችኝ።

አፌ ላይ ‹‹ሄደሽ…›› የሚለው መጣ። ዋጥኩት። ‹‹ቅዳሜ ሐይቅ እንሄዳለን፤ መንገድ ላይ እንጫወተዋለን›› አልኳት። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው፤ ይበቃናል ብዬ ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ እስካሁን ምን እንደምላት አልያዝኩም። የሒሳብ መምህሩን ደውዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ። ከመካከላችሁ የሚያቀብለኝ ካለ፣ ቡናው እስኪቀርብ እዚያ በሩ አጠገብ እቆማለሁ።